የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በ27 ዓመት የተነፋ ትንፋሽ ስለ 50 ምን ይናገራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬ 27 ነው። አዲስ ሥራ ልጀምር የጤና ምርመራ ሳደርግ ቱቦ አፌ ላይ አድርገው አስነፉኝ። ወረቀቱ «ኤፍኢቪ1፦ 78 በመቶ፤ ንጽጽር፦ 0.82» ይላል። ሐኪሙ «ለጊዜው አያሳስብም» ብሎ አሰናበተኝ። ቤት ስገባ ግን ስልኬ ላይ የሳንባ በሽታ ስጋትን የሚያሰላ ነገር አገኘሁ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ማጨስ እያለ ጠየቀኝ፤ ሞላሁለት። «ከፍተኛ ስጋት» ብሎ ቀይ አበራብኝ። ከ20 ዓመቴ ጀምሮ በቀን አምስት ስድስት ሲጋራ አጨሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ትንሽ አክታ አለኝ፤ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ስለዚሁ ሳነብ አመሸሁ። በ50 ዓመቴ ሳንባዬ ምን እንደሚሆን እውነት ከአሁኑ ይታወቃል? (እንቅልፍ ያጣሁት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀዩን መብራት ለጊዜው ተወውና ወረቀቱን አብረን እናንብበው።

አስቀድሜ ልንገርህ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም የትንፋሽ መለኪያ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ «ንፋ! ንፋ! አሁንም! አሁንም!» እያልኩ የምጮኸው ባለሙያ ነኝ። ስለዚህ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ቁጥሩ ጋ ሳይሆን አነፋፉ ጋ ነው። አንተ የላክኸው ቁጥሮቹን ብቻ ነው፤ ግራፉን ብትልክልኝ ደስ ባለኝ።

ኤፍኢቪ1 ማለት ሳንባህን ጢም አድርገህ ሞልተህ ባለ በሌለ ኃይልህ ስትነፋ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚወጣው አየር ነው። 78 በመቶ ሲል ደግሞ በአንተ ዕድሜ፣ ፆታና ቁመት ካለ ጤናማ ሰው በአማካይ ከሚጠበቀው 78 በመቶውን አውጥተሃል ማለቱ ነው። ብዙ ሰው «22 በመቶ ሳንባዬ ሞቷል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ግን አይደለም። ጤነኛ ሰዎችም ከአማካዩ በላይና በታች ተበትነው ነው የሚገኙት። ከዚህ በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው የምንልበት የ80 በመቶ መስመር ለሥራ እንዲመች የተሰመረ እንጂ ተፈጥሮ ያሰመረችው አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ይስበኛል። 0.82 ማለት ከነፋኸው ጠቅላላ አየር 82 በመቶው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ወጥቷል ማለት ነው። ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ የሚጠረጠረው ይህ ንጽጽር ከ0.70 በታች ሲወርድ ነው። ያውም ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከተሳበ በኋላ ተነፍቶ። ያንተ አየር ሳይታገድ ነው የወጣው። ታዲያ 78 ከየት መጣ? ንጽጽሩ ደህና ሆኖ የመጀመሪያው ሰከንድ ካነሰ፣ ጠቅላላ የነፋኸውም አየር አንሷል ማለት ነው።

ለዚህ ብዙ ተራ ምክንያት አለ። ሰው ያፍርና ግማሽ ድረስ ይሞላል። ከንፈሩ ቱቦው ላይ በደንብ አይገጥምም፤ አየሩ በጎን ይሾልካል። ማሽኑ ላይ ያለው መስመር ገና ጠፍጣፋ ከመሆኑ በፊት «በቃኝ» ብሎ ያቆማል። ቁመቱን ከነጫማው ለክተው ያስገቡለታል፤ ማሽኑ ደግሞ ከረዥም ሰው ብዙ አየር ስለሚጠብቅ ፐርሰንቱ ዝቅ ይላል። ጉንፋን ይዞት ከከረመም ውጤቱ ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ደግሞ የክብደት መጨመር፣ ከመጀመሪያው ትንሽ የሆነ ሳንባ፣ ወይም ሳንባ እንዳይለጠጥ የሚያደርግ ሌላ ችግር ይታሰባል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ሲነሳ ሁሌም ያንገበግበኛል። የድሮዎቹ ማሽኖች ዘር ይጠይቁ ነበር። ያው ሰው፣ ያው ትንፋሽ፣ «ነጭ» ሲባል ሌላ ፐርሰንት፣ «ጥቁር» ሲባል ሌላ ፐርሰንት። በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዘርን የማይጠይቅ ዓለም አቀፍ ቀመር ወጣ። በ2023 የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ይኸው ይሁን አለ። ያንተ ማሽን በየትኛው እንዳሰላ ወረቀቱ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ቀመሩ ሲቀየር 78ህ ከመስመሩ ወዲያ ወይም ወዲህ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ሳንባ እስከ 20 እና 25 ዓመት አካባቢ ያድጋል፤ ከዚያ ትንሽ ቆየት ይላል፤ ከዚያ ይወርዳል። ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ጤነኛ ሰው እንኳ በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣል። በ1977 ፍሌቸርና ፒቶ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የለንደን ወንዶችን ለዓመታት ተከታትለው ያሳተሙት ሥራ ለረዥም ዘመን አስተሳሰባችንን ገዝቶት ነበር። ሥዕሉ ቀላል ነው፦ አጫሾች፣ በተለይ ሲጋራው የሚጎዳቸው፣ ቶሎ ቶሎ ይወርዳሉ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይወርዳል።

በ2015 የወጣ ጥናት ግን ሥዕሉን አሰፋው። በዴንማርክ የኮፐንሃገንን፣ በአሜሪካ ደግሞ የፍራሚንግሃምን ነዋሪዎች ጨምሮ ሦስት የክትትል ጥናቶችን ያካተተ ነው። 40 ዓመት ሳይሞላቸው ኤፍኢቪ1 ከ80 በመቶ በታች ከነበራቸው 657 ሰዎች መካከል፣ ከ22 ዓመት በኋላ ሲኦፒዲ የተገኘባቸው 174 ናቸው፤ 26 በመቶ። 80 ወይም ከዚያ በላይ ከነበራቸው 2,207 ሰዎች መካከል ደግሞ 158፤ 7 በመቶ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን ከሌላው ጫፍም አንብበው፦ ዝቅ ብለው ከጀመሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሽታው አልተገኘባቸውም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከታመሙት 332 ሰዎች ግማሽ ያህሉ በወጣትነታቸው ደህና ነበሩ፤ በዓመት በአማካይ 53 ሚሊ ሊትር እያጡ ነው የታመሙት። ዝቅ ብለው የጀመሩት የቀሩት ግማሾች ያጡት በዓመት 27 ብቻ ነው፤ ማለትም እንደማንኛውም ሰው። ሁለት ሰዎች ከተራራ ላይ እየወረዱ ነው እንበል። አንዱ ከጫፉ ተነስቶ እየሮጠ ወረደ። ሌላው ከወገቡ ተነስቶ ቀስ እያለ ወረደ። ማታ ሁለቱም እኩል ሸለቆው ውስጥ ናቸው። አንተን ዛሬ ያስነፋህ ሰው ያየው የቆምክበትን ቦታ ብቻ ነው። እየሮጥክ ይሁን እየተራመድክ አላየም። በአንድ ምርመራ ሊያይም አይችልም።

ስልክህ ላይ ያለው ነገርም ያው ነው። እንዲህ ያሉ ስሌቶች የሚሠሩት ብዙ ወጣቶችን መዝግቦ፣ ለአሥርተ ዓመታት ተከታትሎ፣ ማን እንደታመመ በማየት ነው። በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሳው ካርዲያ የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። በ1985 እና 86 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከበርሚንግሃም፣ ከቺካጎ፣ ከሚኒያፖሊስና ከኦክላንድ 5,115 ሰዎችን መዘገበ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ነበር። ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ እስካሁን ይከታተላቸዋል። ለልብ ብሎ የተጀመረ ጥናት ነው፤ ሳንባቸውንም አብሮ ስለለካ ብዙ ጠቀመን። ማጨስ፣ አስም፣ በወጣትነት የተለካው ትንፋሽ፣ የክብደት መጨመር፣ ሳልና አክታ፦ ሁሉም ስለ ጎልማሳነት የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው አሳይቷል።

ስሌቱ የሚሰጥህ ቁጥር ግን ስለ ሕዝብ ነው። «26 በመቶ» ሲል አንተን ከሚመስሉ መቶ ሰዎች 26ቱን ማለቱ ነው። የትኛው ወገን እንደሆንክ አያውቅም። ካርዲያ የመዘገበው ደግሞ ከእነዚያ አራት ከተሞች ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያንን ነው። እዚያ የተሠራ ስሌት ሌላ አየር ለሚተነፍስ፣ ሌላ የልጅነት በሽታ ላሳለፈ ሰው በዚያው ልክ ይሠራል ብሎ መማል አይቻልም። ቀይ መብራት ማብራት ደግሞ ቀላል ነው፤ ከስልክ የሚወጣ ቀለም ብዙ ጊዜ የፕሮግራመሩ ምርጫ ነው።

አንተ እንደ ቀላል ያለፍካትን አንዲት ነገር ግን እኔ አላልፋትም፤ የጠዋቷን አክታ። በ2018 ከካርዲያ በወጣ ሥራ በወጣትነታቸው ሳል ወይም አክታ የነበራቸው ሰዎች ሳንባቸው ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ሲወርድ ታይቷል። በጎልማሳነታቸው በተነሱት ሲቲ ስካን ላይም ኤምፊዜማ፣ ማለትም የሳንባ ከረጢቶች መበጣጠስ፣ በብዛት ተገኝቷል። በአማካይ ሲታይ ልዩነቱ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ አትደንግጥ። ግን «የሲጋራ ሳል ነው፣ ያለ ነው» ብለህ የምታልፋት ነገር ሳንባህ እየተቆጣ መሆኑን የምትናገር ናት።

ምን ታድርግ? ጉንፋን ሳይኖርብህ ድጋሚ ንፋ። ቁመትህ በባዶ እግር ይለካ። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ንፊያ ይኑርህ፤ ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱ ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ ሊራራቁ አይገባም። ሳልቡታሞል የሚባለውን ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት በፓፍ ስበህ 15 ደቂቃ ቆይተህ እንደገና መንፋት የምትችልበትን ሁኔታ ሐኪምህን ጠይቅ። ውጤቱ በብዙ ከተሻሻለ አስም ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ያኔም ጠቅላላ አየሩ ዝቅ ካለ የሳንባህን ሙሉ መጠን የሚለካ ሌላ ምርመራ አለ።

ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጠው። ፎቶ አንሳው፣ ለራስህ ላከው፣ ብቻ አይጥፋብህ። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል፤ በስድስት ወር ተመልሶ «ወርዷል ወይ?» ይለኛል። አስበው እስቲ። በዚያው ቀን የተነፉ ሁለት ንፊያዎች እንኳ እስከ 150 ሚሊ ሊትር እንዲለያዩ ይፈቀዳል። የተለመደው የዓመት ቅነሳ ደግሞ 30 ገደማ ነው። የአንድ ዓመት ለውጥ በማሽኑ ግርግር ውስጥ ይጠፋል። ምልክት ካልጨመረብህ በቀር በጥቂት ዓመታት ልዩነት የሚነፉ ንፊያዎች ናቸው መስመሩን የሚሰጡህ። አብዛኛው ሰው በ50 ዓመቱ ወደ እኛ ሲመጣ የወጣትነቱ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ሮጦ ይውረድ፣ ከታች ይጀምር አናውቅም። አንተ በ27 ዓመትህ አለህ።

ሲጋራውን በተመለከተ፦ በቀን ስድስት ማለት የፓኬት ሲሶ አይሞላም፤ በሰባት ዓመት ሲባዛ እኛ ሁለት የፓኬት ዓመት ገደማ እንለዋለን። ገና ትንሽ ነው። ትንሽ ሳለ ማቆም ይቀላል፤ የምታውቀውን አልነግርህም።

ጥያቄ፦ እኔ 44 ዓመቴ ነው፤ በሕይወቴ አጭሼ አላውቅም። በሕፃንነቴ ሳንባ ምች ደጋግሞ ይዞኛል። አሁን ደረጃ ስወጣ ከጓደኞቼ ቀድሜ እቆማለሁ። ታናሽ ወንድሜ የሚያጨስ ሲሆን በ42 ዓመቱ ኤምፊዜማ አለብህ ተባለ። እኔም ያሰጋኛል? (የአንድ እናት ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርልዎት። በ42 ዓመት ኤምፊዜማ ቶሎ ነው። ሲጋራው ብቻውን እንዲህ ያፈጥናል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1963 በስዊድን ላውሬልና ኤሪክሰን የተባሉ ሰዎች የአንዳንድ ሕሙማን ደም ውስጥ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን እንደጎደለ ደረሱበት። ይህ ፕሮቲን ሳንባን ከራሱ ከሰውነት ነጭ የደም ሴሎች ከሚወጣ ኢንዛይም ይጠብቃል። ከጎደለ ሳንባ በወጣትነት ይበጣጠሳል፤ ሲጋራ ከተጨመረበት እጅግ ይፈጥናል። በዘር የሚተላለፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። የደም ምርመራ ነው፤ ወንድምዎ ይቅደም። ከተገኘበት እርስዎም ይመርመሩ። እናትና አባት አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ይዘው ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

የልጅነቱም ነገር ዝም ብሎ አይታለፍም። በታዝማኒያ፣ አውስትራሊያ፣ በ1961 የተወለዱ ሕፃናትን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ 53 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት አለ። የሳንባ ጉዟቸውን በስድስት ዓይነት መንገድ ከፈለው። በ53 ዓመት ከታየው ሲኦፒዲ 75 በመቶው ከሦስቱ መጥፎ መንገዶች የመጣ ነው። ወደ እነዚያ መንገዶች ከሚመሩት መካከል የልጅነት አስም፣ ብሮንካይትስና ሳንባ ምች፣ የወላጆች አስም፣ የእናት ማጨስ ይገኙበታል። ስለዚህ «አላጨስም፣ አይመለከተኝም» የሚለው ትክክል አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአነስተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሲኦፒዲ ሕሙማን ትንባሆ ምክንያቱ የሆነባቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ናቸው። የቤት ውስጥ ጭስና የሥራ ቦታ አቧራም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ምንም ምልክት የሌለው ሰው ሁሉ ሄዶ ይንፋ አልልም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይልም ምልክት የሌለውን ሰው በጅምላ መመርመርን አይመክርም። እርስዎ ግን ደረጃ ላይ ይቆማሉ። ምልክት አለዎት። ይንፉ፤ ልብዎና የደምዎ መጠንም ይታይ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሳንባ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ እህት፣ 46 ዓመቴ ነው። 25 ዓመት በቀን አንድ ፓኬት አጨስኩ። ምርመራው ቧንቧዬ መጥበብ መጀመሩን አሳይቷል። ያለቀ ሳንባ አይመለስም ይላሉ። ታዲያ አሁን ማቆሙ ምን ሊጠቅም? (ቁርጡን የሚፈልግ)

መልስ፦ ቁርጡን ከፈለጉ ይኸውልዎ። የተበጣጠሰው አይመለስም፤ እውነት ነው። ግን የሚያስጨንቅዎ የሄደው ሳይሆን ገና የሚሄደው መሆን አለበት።

በ1986 በአሜሪካና በካናዳ የተጀመረ አንድ ጥናት 5,887 ሰዎችን መዘገበ። ልክ እንደ እርስዎ የሚያጨሱና ቧንቧቸው መጥበብ የጀመረ ጎልማሶች። ከ11 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ማጨሱን የቀጠሉት ወንዶች በዓመት በአማካይ 66 ሚሊ ሊትር ገደማ አጥተዋል። ያቆሙት 30። ሴቶቹ የቀጠሉት 54፣ ያቆሙት 22 ገደማ። ያቆመ ሰው ወደ ተራ ሰው ፍጥነት ይመለሳል ማለት ነው። የወንዶቹን ልዩነት በ20 ዓመት ያባዙት፤ ከ700 ሚሊ ሊትር ይበልጣል። እኔ በየቀኑ ከማስነፋቸው ሰዎች መካከል ጠቅላላ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚያወጡት ከዚህ ብዙም የማይበልጥ አሉ። ካልሲ ማድረግ ያደክማቸዋል።

የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለው ጥናት በ2004 እንዳወጣው፣ በ40 ዓመት ያቆመ ሰው 9 ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። እርስዎ መሃል ላይ ነዎት።

በወኔ ብቻ አይሞክሩት። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር አለ፤ ቫረኒክሊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ያማክሩ። አንድ ነገር ደግሞ ለሳንባ ካንሰር፦ 25 የፓኬት ዓመት አልዎት። በአሜሪካ መመሪያ ከ20 በላይ ያለው ሰው ከ50 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን እንዲታይ ይመከራል። ምርመራው ባለበት ቦታ ከሆኑ 50ን ሲሞሉ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፊኛ መንፋት ሳንባ ያሰፋል? ሩጫስ? (ሯጩ፣ 31)

መልስ፦ ፊኛው ጉንጭህን ያደክማል። ሩጫም ቢሆን ካደገ በኋላ የሳንባን መጠን ብዙም አይጨምርም፤ የሚያጠነክረው ልብንና ጡንቻን ነው። ግን በካርዲያ የአካል ብቃታቸውን ጠብቀው የቆዩት ሰዎች ሳንባቸው ቀስ ብሎ ሲወርድ ታይቷል። ክብደት የጨመሩት ደግሞ ፈጥነው አጥተዋል። ቀጥል።

ወረቀት ለምትልኩልኝ ሁሉ፦ ፐርሰንቱን ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩ። ስማችሁን ሸፍናችሁ ሙሉውን ገጽ ከነግራፉ፣ የተለካችሁበትን ቀን፣ ቁመታችሁንና በዚያን ሰሞን ጉንፋን እንደነበራችሁ ወይም እንዳልነበራችሁ ጻፉልኝ። የድሮ ወረቀት ያለው ሰው አብሮ ይላክ።